ስለ እማሆይ ኦርኪድ ሕመምና ፈውስ

ባለፈው ሰሞን በዚህ ገጽ የለጠፍሁትን የታመመ ኦርኪድ ሥዕል አይታችሁ ምን እንዳገኘውና በምን መንገድ ሊድን እንደሚችል የጠየቃችሁኝ ብዙዎች ናችሁና፥ ነገሩ በአንድ መስመር ተመልሶ የሚያልቅ ስላይደለ ከነታሪኩና ከነምክንያቱ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ተክሉ የአክስቴ የእማሆይ ነበረ። እማሆይ ከጎንደር ወደ ማክሰኝት በሚወስደው አገር፥ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ቀልሰው በምናኔ ሲኖሩ፥ በአንድ የክረምት ሌሊት ዐውሎ ነፋስ በቅጽሩ ውስጥ ከቆመው አሮጌ ወይራ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ቢጥል፥ በቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ የተገኘውን ይህን ተክል ካህናቱን አስፈቅደው ወስደው በደጃቸው ባለው የወይራ ግንድ ላይ በጥጥ ፈትል አሰሩት፤ እርሱም ለብዙ ዘመን በዚያ ኖረ። ክረምቱ ሲወጣ ንጹሕ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ቀን ሲያሸቱት ይህ ነው የሚባል መዓዛ የለውም፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን ሽታው ደጁን ይሞላዋል። እማሆይ ለመንፈቀ ሌሊት ጸሎት ሲነሡ በጨለማው ውስጥ አስቀድሞ የሚቀበላቸው የእርሱ መዓዛ እንደ ነበረ ይነግሩን ነበር። ካረፉ በኋላ ከመስቀላቸውና ከዳዊታቸው ጋር ለእኛ የደረሰን ይኸው ተክል ስለ ሆነ፥ ለምን እንዲህ እንደምሳሳለት ከዚህ የበለጠ ማስረዳት አያሻኝም።

ወደ ከተማ በመጣ ጊዜ በአደራ የተቀበለችልን አንዲት ደግ ጎረቤት፥ ሥሩ ከአፈር ውጭ ተንጠልጥሎ ብታየው የተራቆተ መስሏት፥ ጥቁር አፈር በሞላበት ማሰሮ ቀብራ ጧትና ማታ ታጠጣው ጀመር። በእርሻ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ተክልን የሚወደው በአፈርና በውሃ ነውና፥ ያደረገችው ሁሉ በፍቅር የተደረገ ነው። ይሁን እንጂ ሥሩ በአፈሩ ውስጥ አየር አጥቶ በሰበሰ፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ ቢከበውም ሊጠጣ ስለማይችል ቅጠሉ እንደ ተጠማ ተሸበሸበ፤ ቅጠሉ በተሸበሸበ ቍጥር ውሃ ይጨመርለታል፤ ውሃው በተጨመረ ቍጥር የቀረው ሥር ይበሰብሳል። ኦርኪድ በየቤቱ የሚሞትበት ምክንያት በአብዛኛው ይኸው ነው፤ የውሃ ጥማትና የውሃ ብዛት በቅጠል ላይ የሚያሳዩት ምልክት አንድ ነውና።

አበባውንና ከአበባው ጀርባ የሚንጠለጠለውን ቀጭን ረጅም ቱቦ አይቼ ከኤራንጊስ ወገን፥ ይልቁንም ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ከተባለው ዓይነት መሆኑን ተረዳሁ። ይህን ዓይነት ለሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ያስታወቀው አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፥ እርሱም በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሀገራችን ተሰብስበው ወደ ፓሪስ የተወሰዱትን ዕፅዋት መርምሮ የጻፈ ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መምሪያ ከ150 የሚበልጡ ዓይነቶች ተዘርዝረዋል፤ ብዙዎቹ በአፈር የሚበቅሉ ሲሆኑ የእማሆይ ግን በዛፍ ላይ የሚያድር ነው። የዛፉን ደም የሚመጥ ጥገኛ ግን አይደለም፤ ከዛፉ የሚሻው ማረፊያውን ብቻ ነው። ሥሩን የሚሸፍነው ነጭ ስፖንጅ መሰል ልባስ፥ ቬላመን የሚባለው፥ ዝናብና ጤዛን በቅጽበት መጥጦ ከያዘ በኋላ በነፋስ ይደርቃል፤ ሲርስ ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ሲደርቅ ወደ ብርማ ነጭነት ይመለሳል። እንግዲህ ባሕርዩ መርጠብና መድረቅን እያፈራረቁ ይሰጡት ዘንድ ነው። ሽታው የሌሊት የሆነበት ምክንያትም በቱቦው ግርጌ ያለውን ማር በረጅም ምላሱ የሚቀስመው የእሳት ራት ወገን በጨለማ የሚበር ስለ ሆነ ነው።

ፈውሱን የጀመርሁት ከማሰሮው በማውጣት ነው። አፈሩን በለብታ ውሃ አጥቤ ሥሩን አንድ በአንድ በጣቴ ስመረምር፥ መልኩ ቢጠቁርም ጠንክሮ የተገኘውን ተውሁት፤ ሲጫኑት የሚፈርጠውን፥ ልባሱም ተገፎ ውስጠኛው ክር ብቻ የቀረውን በእሳት ባለፈ መቀስ ቈረጥሁ። በቍስሉ ላይ የደቀቀ ከሰል ነሰነስሁ። ቀረፋ የሚነሰንሱ አሉ፤ ቀረፋ ሻጋታን የሚከለክል ቢሆንም ሕያው ሥርን ስለሚያደርቅ ከቍስሉ በቀር ሌላ ስፍራ እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከዚያም በጥላ አንድ ቀን ያለ ውሃ አሳደርሁት።

በማግሥቱ ከማገዶ ሻጭ የገዛሁትን ቅርፊቱ ያልተላጠ የወይራ ጉማጅ አምጥቼ በጥጥ ፈትል አሰርሁበት፤ እማሆይም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ቅጠሉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ ይህ ወገን ቅጠል የሚያወጣው ከአንድ እምብርት ስለ ሆነ፥ ውሃ በእምብርቱ ካደረ ልቡ ይበሰብሳል፤ ልቡ ከበሰበሰም በአብዛኛው ተስፋ የለውም። የጧት ፀሐይ ብቻ በሚያገኘው በረንዳ ሰቀልሁት፤ ባጠራቀምሁት የዝናብ ውሃ ሥሩ አረንጓዴ እስኪሆን በጧት እረጨዋለሁ፥ ሳይመሽም ደርቆ ማደር አለበት። በመጋቢትና በሚያዝያ የጎንደር አየር ሲደርቅ ከሥሩ በታች ውሃ የያዘ ሰፊ ሳሕን አኖራለሁ። አዲስ ሥር ሳያወጣ ማዳበሪያ መስጠት ግን ሆዱ የታመመን ሰው በግድ ማጉረስ ነው።

አንድ ወዳጄ ንጹሕ አየር ያገኝ ዘንድ ወደ ደባርቅ እንድወስደው መክሮኝ ነበር። ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፥ ጅብራና አስታ የለመዱትን የስሜን ብርድ ይህ ተክል አይችለውም፤ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ጎንደር ግን ትስማማዋለች።

ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ይህን ያነበበ ሰው ኦርኪድ ፍለጋ ወደ አድባራት ደን እንዳይወጣ። ዘሩ ከትቢያ የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለ ሆነ፥ ኖኤል ቤርናር የተባለው ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1899 እንዳረጋገጠው፥ በዱር የሚበቅለው ተስማሚ ፈንገስ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ አንዱ ከተነቀለ ሌላው በቶሎ አይተካም። ዐውሎ የጣለው ቅርንጫፍ ላይ ብታገኙት፥ ካህናቱን ጠይቃችሁ በዚያው ቅጽር በሕይወት ባለ ወይራ ላይ እሰሩት፤ ፈትሉ እስኪበሰብስ ሥሩ ቅርፊቱን ይይዛል።

አሁን የቀሩት ሦስት ቅጠሎች ናቸው፤ መሸብሸባቸው አልጠፋም፤ ነገር ግን ከግንዱ ጎን ጫፉ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ሥር ወጥቶ ወይራውን ይዟል። ዘንድሮ የአበባ ዘንግ ቢያወጣ፥ ያንን ሽታ ምንም ያህል ብናፍቀው፥ በእጄ እቈርጠዋለሁ፤ ደካማ ተክል ያለውን ኃይል ሁሉ ለአበባ አውጥቶ ሊሞት ይችላልና። እናንተም የታመመ ኦርኪድ ሥዕል ስትልኩልኝ፥ የቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ከማሰሮው አውጥታችሁ የሥሩንም አንሥታችሁ ላኩልኝ።