ዕዳ ሰብሳቢው ቆጣሪ

ብሪታንያ ውስጥ ኪራይ ቤት ገብቶ ደረጃ ሥር ያለችውን ቁም ሣጥን የከፈተ ሰው፣ ከመጥረጊያውና ከአሮጌው ጫማ በላይ ግድግዳ ላይ የተገጠመ ሣጥን ያገኛል። ትንሽ ስክሪን አለው፣ አንድ መጫኛ አለው፣ ከሥሩ ደግሞ የፕላስቲክ ቁልፍ የሚሰካበት ቀዳዳ። የመብራት ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ነው። የጋዙ ወንድሙ በቁልፍ ፈንታ ካርድ ይጎርሳል። ነዋሪው ቁልፉንና ካርዱን ይዞ ወደ ሰፈር ሱቅ ወይም ፖስታ ቤት ይሄድና አሥር ወይም ሃያ ፓውንድ ያስሞላል፤ ተመልሶ ይሰካል። ገንዘቡ ሲያልቅ ቤቱ ይጨልማል። ስማርት የሚባለው አዲሱ ዓይነት በስልክ ስለሚሞላ ያንን መንገድ ያስቀራል እንጂ ጠባዩ ያው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ካርድ ቆጣሪ የለመደ ሰው እስከዚህ ድረስ ብዙም አይገረምም። የብሪታንያው ቆጣሪ ግን ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ያለፈ ዕዳ ይሰበስባል። ነዋሪው በሞላ ቁጥር ከገንዘቡ ላይ የዕዳውን ድርሻ ቀድሞ ያነሣል፤ መብራት የሚገዛው ከተረፈው ነው። ከዚህ ቆጣሪ መላቀቅ የሚከብደውም በዚህ ሁለተኛ ሥራው ምክንያት ነው።

ሐሳቡ ያረጀ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ የእንግሊዝ ጋዝ ኩባንያዎች፣ የተጠራቀመ ቢል በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችለው ሠራተኛ ቤተሰብ ሳንቲም የሚጎርስ ቆጣሪ አቀረቡ። አንድ ፔኒ ሲገባ የአንድ ፔኒ ጋዝ ይለቅ ነበር። በጊዜው ድሃውን ቤት ከጋዝ ምድጃ ጋር ያስተዋወቀ በረከት ነበር ማለት ይቻላል። ኋላ ፔኒው ሽልንግ ሆነ፤ የኩባንያው ሰው በየጊዜው እየመጣ ሣጥኑን ይገለብጣል፣ አንዳንዴም ሌባ ይቀድመዋል። ከዚያ ሳንቲሙ በቁልፍና በካርድ ተተካ። ዛሬ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ 4 ሚሊዮን ገደማ ቤተሰቦች በዚህ ዓይነት ቆጣሪ ይጠቀማሉ። የሰሜን አየርላንድ አሠራር የተለየ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ዕዳው ወደ ቆጣሪው የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ቢል ይወዘፋል፣ ኩባንያው ደብዳቤ ይልካል፣ መልስ ሲጠፋ መደበኛውን ቆጣሪ ነቅሎ ቅድመ ክፍያውን ይተክላል። ነዋሪው በር አልከፍትም ካለ፣ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ከማጅስትሬት ፍርድ ቤት ማዘዣ አውጥቶ መግባት ይችላል። ስማርት ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ በር ማንኳኳትም አያስፈልግም፤ ከቢሮ ሆኖ በትእዛዝ ወደ ቅድመ ክፍያ ይገለብጠዋል።

ማዘዣው እንዴት ይሰጥ እንደነበር የታየው የኃይል ዋጋ ሰማይ በነካበት በ2022 ማብቂያ ነው። በአንድ የሰሜን እንግሊዝ ችሎት 496 ማዘዣዎች አራት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መጽደቃቸውን ጋዜጣ አወጣ። እያንዳንዱ ማዘዣ የአንድ ቤት በር ነው፤ ዳኛው የነዋሪውን ስም ለማንበብ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ቀጥሎ በፌብሩዋሪ 2023 የ‹ታይምስ› ጋዜጠኛ ማንነቱን ሠውሮ ለኃይል ኩባንያው ብሪቲሽ ጋዝ ከሚሠሩ ዕዳ ሰብሳቢዎች ጋር ገብቶ ያየውን ጻፈ፤ ሕመምተኞችና ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶች በር ተሰብሮ ቆጣሪ ሲተከልባቸው። አገር ተቆጣ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጄም በግድ መትከሉ እንዲቆም ጠየቀ፣ ፍርድ ቤቶችም ማዘዣ መስጠቱን እንዲያቆሙ ታዘዙ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የጸናው አዲስ ደንብ ጠበቅ ያለ ነው፦ ኩባንያው ነዋሪውን ቢያንስ 10 ጊዜ ለማግኘት መሞከርና ቤቱን ሄዶ ማየት አለበት፤ ከ2 ዓመት በታች ሕፃን ያለበት ቤት፣ ደጋፊ የሌላቸው ከ75 ዓመት በላይ አዛውንት፣ በመብራት የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ የሚያስፈልገው ሕመምተኛ በግድ አይተከልባቸውም። በግድ መትከሉ ግን ጨርሶ አልተከለከለም፤ ደንቡን አሟልተናል ያሉ ኩባንያዎች በ2024 እንደገና ጀምረዋል።

የቆጣሪውን ጠባይ በቅርብ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ለገና አዲስ አበባ ወርደው አራት ሳምንት ይቆያሉ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ፍሪጁም ተነቅሏል። ቆጣሪው ግን አይተኛም። ስታንዲንግ ቻርጅ የሚባለው የመስመር ኪራይ፣ መብራት ተበራም ጠፋም በየቀኑ ይታሰባል፤ 60 ፔኒ ነው ብንል በ28 ቀን 16 ፓውንድ ከ80 ይሆናል። በሳምንት 4 ፓውንድ የሚቆረጥ የቆየ ዕዳ ካለባቸው 16 ፓውንድ ይጨመራል። እናታችን ሻንጣቸውን እየጎተቱ በብርድ ሲገቡ ቆጣሪው 32 ፓውንድ ከ80 ፔኒ በልቶ ይጠብቃቸዋል፤ አንዲት አምፖል ሳትበራ። ሃያ ፓውንድ ሞልተው መብራቱ እምቢ ሲላቸው ቆጣሪው ተበላሽቷል ብለው ቢምሉ አይፈረድባቸውም። ለጉዞ የሚነሣ ሰው ይህን ቀድሞ አስልቶ ሞልቶ ቢሄድ ይሻለዋል።

ገንዘብ ሲያልቅ ‹ኢመርጀንሲ ክሬዲት› የሚባል ትንሽ ብድር አለ፤ እሱም በሚቀጥለው ሙሌት ላይ ተመልሶ ይቆረጣል። በሌሊትና በበዓል ቀን መብራት እንዳይቋረጥ የሚያደርግ አሠራርም አለ። ቢሆንም ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው ነጻ የምክር ድርጅት በ2022 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች የሚሞሉት አጥተው ቆጣሪያቸው ባዶ እንደሆነባቸው ገልጿል። ቢል የሚከፍል ሰው ሲቸግረው ዕዳው ያድጋል፣ ኩባንያውም ያውቃል። ቅድመ ክፍያ ላይ ያለ ሰው ሲቸግረው በጨለማ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ማንም ደውሎ አይጠይቀውም።

ታዲያ ዕዳ እያለ መውጣት ይቻላል? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሁለት ጉዳይ ያደባልቃል። ኩባንያ መቀየር አንድ ነገር ነው፣ የቆጣሪውን ዓይነት መቀየር ሌላ።

ኩባንያ መቀየርን በተመለከተ መልሱ ብዙዎች ከሚያስቡት የተሻለ ነው። ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ላይ ያለ ደንበኛ ዕዳው ለመብራት እስከ 500 ፓውንድ፣ ለጋዝም ለብቻው እስከ 500 ፓውንድ ከሆነ፣ ዕዳውን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ መሄድ ይችላል። አሠራሩ ‹ዴት አሳይንመንት ፕሮቶኮል› ይባላል፤ ጣሪያው በ2012 ነው ከ200 ፓውንድ ወደ 500 ከፍ ያለው። ደንበኛው አዲሱን ኩባንያ ይጠይቃል፣ ሁለቱ ኩባንያዎች የዕዳውን መጠን ይለዋወጣሉ፣ ደንበኛው ሲስማማ ዕዳው ወደ አዲሱ ይዛወራል። አይሰረዝም፤ አዲሱ ኩባንያ በቆጣሪው በኩል መቁረጡን ይቀጥላል። ዕዳው ከ500 ካለፈ አሮጌው ኩባንያ ዝውውሩን መቃወም ይችላል፤ ከዚያ በታች እስኪወርድ መክፈል ነው። ዕዳው የመጣው በኩባንያው ስሕተት ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ቢሉ ተሳስቶ ከነበረ፣ ዝውውሩን ሊያግድ አይገባም። በወቅቱ ቢል ላላደረጉት፣ ከ12 ወር በላይ ለቆየ ፍጆታም ዛሬ ተነሥቶ ማስከፈል ክልክል ነው። እነዚህን ሁለት ነጥቦች ስልክ ላይ ሆኖ የሚያነሣ ደንበኛ ጥቂት ነው፤ የስልኩ ሠራተኛም ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ አይነግርም።

የሚገርመው ይህ ዕድል በመደበኛ ቢል ለሚከፍለው ባለዕዳ አለመኖሩ ነው። እሱ ውዝፉ 28 ቀን ካለፈው አሮጌው ኩባንያ እስኪከፍል ድረስ ይዞ ሊያስቀረው ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቅድመ ክፍያ ላይ ዕዳው ግድግዳ ላይ ተተክሏል፣ የትም አይጠፋም፤ ስለዚህ አዲሱ ኩባንያ ዕዳውን ለመረከብ አይፈራም።

ግን መቀየሩ ምን ያተርፋል? እውነቱን ለመናገር፣ በፔኒ ሲታይ ብዙ ላይሆን ይችላል። ለረጅም ዓመታት ድሃው በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ላይ ቢሉ ከባንክ ሂሳቡ በቀጥታ ከሚቆረጥለት ባለ ዳይሬክት ዴቢት የበለጠ ይከፍል ነበር፤ ያ ልዩነት ከጁላይ 2023 ጀምሮ እንዲነሣ ተደርጓል። ቅድመ ክፍያ ላይ የሚወዳደሩ ቅናሾችም ጥቂት ናቸው። የሚያዋጣው ስልክ የሚያነሣ ኩባንያ፣ በስልክ የሚሞላ ስማርት ቆጣሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኋላ ኋላ ከቅድመ ክፍያ ሊያወጣ ፈቃደኛ የሆነ ኩባንያ ማግኘቱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ የቆጣሪውን ዓይነት መቀየር፣ ይከብዳል። አብዛኞቹ ኩባንያዎች መጀመሪያ ዕዳው ይከፈል ይላሉ፤ ዕዳው ካለቀም በኋላ ክሬዲት ቼክ የሚባለውን የብድር ታሪክ ምርመራ ያደርጋሉ፣ አንዳንዶቹ መያዣ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ለውጡ ራሱ፣ ስማርት ቆጣሪ ላይ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው፤ አሮጌው ላይ ቴክኒሻን መጥቶ ይነቅላል። ልዩ ሁኔታ አለ። አካል ጉዳት፣ ሕመም ወይም የቆጣሪው አቀማመጥ ነዋሪው እንዳያነብ ወይም እንዳይሞላ ካደረገው፣ ኩባንያው ሌላ መፍትሔ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ዕዳው ምክንያት አይሆንም። መሰላል ወጥተው ቁልፍ የሚሰኩ አዛውንት ካሉ፣ ጉዳዩ የልመና አይደለም፣ የደንብ ነው።

ልዩ ሁኔታው ለማይነካው ሰው መጀመሪያ የሚያዋጣው ቆጣሪውን መንቀል ሳይሆን ቁርጡን ማስቀነስ ነው። በሳምንት የሚነሣው ገንዘብ በሰውየው የመክፈል አቅም እንዲወሰን ደንቡ ያዛል። አምስት ፓውንድ ከከበደ ገቢና ወጪን ዘርዝሮ ‹ሦስት አድርጉልኝ› ማለት ይቻላል። መንግሥታዊ ድጎማ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ዕዳው ከድጎማው በቀጥታ በትንሽ በትንሹ እንዲቆረጥ መጠየቅ ይችላል። ቅድመ ክፍያን ወደው የሚይዙትም አሉ፤ ወር መጨረሻ ላይ ድንገተኛ ቢል ከሚመጣብኝ የገዛሁትን ልጨርስ የሚሉ። እነሱን ውጡ ማለት አይገባም።

የእኛ ሰው ደጋግሞ የሚሰናከለው በሌላ ነገር ነው፤ በሰው ዕዳ። አዲስ ቤት ወይም ክፍል ሲከራይ የቀድሞው ተከራይ የተወው ቁልፍ ቆጣሪው ላይ ተሰክቶ ያገኛል፣ ምስጋና አቅርቦ እሱኑ ያስሞላል። ቆጣሪው ደግሞ ሰው አይለይም፤ የሄደውን ሰው ዕዳ ከመጣው ሰው ኪስ ይቆርጣል። ስለዚህ ቤት በገቡበት ቀን፣ ምንም ሳይሞሉ፣ የቆጣሪውን መጫኛ እየተጫኑ ስክሪኑን ያገላብጡ። ቀሪ ሂሳብ፣ የቀረ ዕዳና በሳምንት የሚቆረጠው በየተራ ይወጣሉ፤ ሁሉንም በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ለኩባንያው ደውለው የገቡበትን ቀን ያስመዝግቡ፣ በስምዎ አዲስ ቁልፍና ካርድ ይጠይቁ። ውሉንም ይያዙ።

ቢሉ በአከራዩ ስም ከሆነ ኩባንያ የመቀየር መብቱ የአከራዩ ነው። ቢሉ በስምዎ ከሆነ መብቱ የእርስዎ ነው፤ የቆጣሪውን ዓይነት ለመቀየር ግን የኪራይ ውሉን አንብቦ ለአከራዩ መንገር ያስፈልጋል።

ዕዳ ኖሮብዎ መውጣት ካሰቡ ከመደወልዎ በፊት የዕዳውን ትክክለኛ መጠን ከስክሪኑ ላይ ይያዙ፤ የመብራቱንና የጋዙን ለየብቻ፣ ምክንያቱም 600 ፓውንድ ዕዳ አለብኝ ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው 350ው የመብራት፣ 250ው የጋዝ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ከጣሪያው በታች ናቸው። የአሠራሩን ስም ጠርተው ይጠይቁ፣ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ። ከከለከሉዎ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁና አቤቱታ ያስገቡ። በ8 ሳምንት ካልተፈታ ጉዳዩን በኃይል ኩባንያዎች ላይ የሚቀርብን አቤቱታ ወደሚያየው ኢነርጂ ኦምቡድስማን መውሰድ ይቻላል፤ ክፍያ የለውም። በእንግሊዝና በዌልስ የሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር 0808 223 1133 ነው፤ እሱም ነጻ ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎ ከሆነ ሲደውሉ መጀመሪያ አስተርጓሚ ይጠይቁ።