ከፎቶው ጀርባ ያለው ቤተ ክርስቲያን

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ፎቶ ነው። የምትነዱ ካልሆነ ስልካችሁ ላይ ፈልጉት፤ ራቢ አብርሃም ሄሼል ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር በአንድ ረድፍ፣ ነጭ ጺም፣ አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን። ማርች 21፣ 1965። እኛ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ራቢውን ካሳየችን በኋላ ገጹ ተገለበጠ። ሰዎቹ ከየት ተነሥተው ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የተነሡት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙ ብራውን ቻፕል፣ ሴልማ በምትባል የአላባማ ትንሽ ከተማ። ሜቶዲስት ነው፣ ግን የጥቁሮች ሜቶዲስት። ሪቻርድ አለን የሚባል ከባርነት ነጻ የወጣ ሰባኪ ነበር። ፊላዴልፊያ ውስጥ ነጮቹ ጥቁሮችን ተንበርክከው እየጸለዩ ከቦታቸው ሲያስነሷቸው፣ እሱና ወገኖቹ ጥለው ወጡ፤ በ1816 የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። የሴልማው ሕንጻ ባለ ሁለት ግንብ፣ ቀይ ጡብ ነው፤ የተሠራው በ1908።

ለምን ቤተ ክርስቲያን? በ1964 አንድ ዳኛ ሴልማ ውስጥ ለመብት ጉዳይ ሦስት ሰው እንኳ አብሮ እንዳይሰበሰብ አገደ። መምረጥ ከሚገባቸው 15,000 ገደማ ጥቁሮች የተመዘገቡት እኮ ጥቂት መቶዎች ብቻ ነበሩ። ጃንዋሪ 2፣ 1965 ኪንግ እገዳውን ጥሶ እዚያው ብራውን ቻፕል ውስጥ ተናገረ፤ ሕዝቡም ሞልቶ ነበር።

ፎቶውን ለአያቴ አሳየኋት። አያቴ ፎቶ ስታይ መጀመሪያ የምትቆጥረው ሰው ነው። «ሴቶቹስ የት አሉ?» አለችኝ። አንዲት መነኩሲት አለች አልኳት፤ አልበቃትም። ልክ ነበረች። ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት በፊት፣ ማርች 7፣ ወደ 600 ሰው ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ድልዩ ላይ ሲደርስ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ጠበቀው። አሚሊያ ቦይንተን፣ ለዓመታት ሰው ለምርጫ ስታስመዘግብ የኖረች የሴልማ ሴት፣ ራሷን ስታ መሬት ላይ ወደቀች። ያን ፎቶ ዓለም አየው። አያቴም አየችው፣ ብዙ ዝም አለች።

ማታውን ኤቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ኑረምበርግ ችሎት የተሠራ ፊልም እያሳየ ነበር። ፊልሙን አቋርጦ የድልዩን ዱላ አሳየ። የናዚዎችን ፍርድ የሚያይ ሰው ድንገት የገዛ አገሩን ፖሊስ አየ ማለት ነው። (በ2015 ሆሎን ውስጥ ያ ወታደር ወንድማችን ሲደበደብ ካሜራ ባይኖር ኖሮ ማን ያምነው ነበር? እኔ ሁሌ የማስበው ይህን ነው።)

ጆን ሉዊስም ያን ቀን ጭንቅላቱ ተሰነጠቀ። ጀርባው ላይ ቦርሳ ነበር፤ እታሰራለሁ ብሎ ፖም፣ ብርቱካን፣ የጥርስ ብሩሽና ሁለት መጽሐፍ ይዞ ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ፣ የኮንግረስ አባል ሆኖ፣ የዚያን ቀኑን የሚመስል ካፖርትና ቦርሳ ፈልጎ ለብሶ ከልጆች ጋር ሲሄድ ተነሥቷል። ሽማግሌ ሆኖ ያን ቦርሳ እንደገና ማንገቱ ከሐውልት ይበልጥብኛል።

ሄሼል የመጣው ለሦስተኛው ሰልፍ ነው። እናቱንና እህቶቹን ናዚዎች ገድለውበታል። አንገቱ ላይ ያለው አበባ ከሃዋይ አንድ ፓስተር የላከው ነው። ሰልፈኞቹ 87 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ማርች 25 ሞንትጎመሪ ገቡ፤ ኦገስት 6 የምርጫ መብት ሕጉ ተፈረመ።

ሕንጻውስ? በ2022 በአሜሪካ በጣም አደጋ ላይ ካሉ 11 ታሪካዊ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ዱላ ሳይሆን ምስጥ ነው የበላው። አያቴ ይህን ስነግራት ሳቀች፤ «የእኛንም ጸሎት ቤት ምስጥ ነበር የሚበላው፤ በየጊዜው እናድሰው ነበር» አለች። የእሱ ፎቶ የለንም። ግድግዳውን ማን እንደለሰነው፣ ሣሩን ማን እንዳመጣው በስም በስም ነገረችኝ፤ ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማችኋለሁ። ደህና ሁኑ።