ስለ መሳምና ስለ መስገድ፤ በጀጎል እንደ ተመለከትነው

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ጥቂት ቀን የሚቀመጥ እንግዳ፣ ሰዎች ቅዱስ ነገርን በእጅ፣ በከንፈርና በግንባር ሲያከብሩ ማየቱ አይቀርም። እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርን ነንና ይህን ስናይ ለግዑዝ ነገር መስገድ ነው ብለን በቶሎ ፈረድን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ፍርዳችን ለምን ስሕተት እንደ ነበረ፣ ነገሩም በሙስሊሞቹ በራሳቸው ዘንድ የሚያከራክረው በምን እንደ ሆነ ለመግለጽ እንሞክራለን።

አስቀድሞ መጽሐፉን እንመልከት። ቁርአንን ያለ ውዱእ፣ ማለት ለጸሎት እንደሚታጠቡት ሳይታጠቡ፣ አይነኩትም፤ ሊቃውንቱም ለዚህ የአልዋቂዓን ምዕራፍ ይጠቅሳሉ። በባዶ መሬት ላይ አያስቀምጡትም፤ ሌላ መጽሐፍም አይደርቡበትም። ሲነበብ እንደ አትሮንስ ባለ እንጨት ላይ ይዘረጋል። ሲታጠፍ ብዙዎች ይስሙታል፣ ግንባራቸውንም ያስነኩታል። መሳሙ ግን ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1505 የሞተው የግብጹ ሊቅ አስሱዩጢ፣ በመካ ካለው ጥቁር ድንጋይ ጋር አመሳስሎ መልካም ነው ብሏል፤ ነቢዩ ያላዘዙትን ለምን እንጨምራለን የሚሉም አሉ።

ስለዚያ ድንጋይ የሚነገረው ታሪክ ነገሩን በደንብ ያስረዳል። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ድንጋዩን በሳሙ ጊዜ፣ የማይጎዳና የማይጠቅም ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ የሚስሙትም ነቢዩ ሲስሙት ስላዩ ብቻ እንደ ሆነ ተናግረዋል። እንግዲህ መሳም ሌላ፣ ስግደት ሌላ ነው፤ ስግደት ለአላህ ብቻ ነው። እኛስ ከእናታችን የመጣልንን ደብዳቤ ስንስም ለወረቀቱ ሰገድን ማለት ነውን?

ነገሩ የሚከብደው በአዋች ላይ ነው። ሐረሪዎች አዋች የሚሉት የወሊዎችን መቃብርና መታሰቢያ ሲሆን፣ ዩኔስኮ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከ82 መስጊዶች ጋር 102 እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ጠቅሷል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የአሚር ኑር መቃብርም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ዚያራ የመጣው ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ አንዳንዱ ደጃፉን፣ አንዳንዱም በመቃብሩ ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ ይስማል። መጽሐፉ የአምላክ ቃል ነው ተብሎ ይሳማል፤ ወሊው ግን ሰው ነው፤ ክርክሩም የሚነሣው ከዚህ ነው።

የዚህ ክርክር ሁለት ታላላቅ ሰዎች ከዚህችው ከተማ መውጣታቸው ያስገርማል። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤይሩት ኖረው በ2008 የሞቱት ሼኽ አብደላ አልሐረሪ፣ በወሊዎች በረከት መሻት የተፈቀደ ነው ብለው አስተማሩ፤ የአገራቸው ልጅ ሼኽ ዩሱፍ አብዱራህማን ደግሞ አጥብቀው ተቃወሟቸው። ልብ ማለት የሚገባን፣ ለድንጋይ ይሰገድ የሚል ከሁለቱም ወገን አለመኖሩን ነው። የሚከራከሩት ደጃፉን የሳመ ሰው ልቡ ወዴት ይሄዳል በሚለው ላይ ነው። እኛ በአንድ እይታ የቆረጥነውን ነገር እነርሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከራክረውበታል።

እንዲያውም አያቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፉ ቆመው ሲሳለሙ፣ እኛ ተማርን ባዮቹ እናፍር ነበር። በአሚር ኑር መቃብር በር ይህ ትዝ አለን። ጠባቂው ሙሪድ ጫማችንን እንድናወልቅ ነገረን እንጂ ሌላ ምንም አልጠየቀንም።