ከሞጣ በኋላ፦ ፖሊስን በሕግ መጠየቅ

ጁሙዓ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በሞጣ ከተማ አራት መስጂዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ። በማግስቱ ተጠርጣሪዎች መያዛቸው ተነገረ፤ ለመልሶ ግንባታም ከመላ አገሪቱ መዋጮ ተሰበሰበ። ሆኖም ግማሹ ጥያቄ አሁንም አለ፤ እንዲጠብቅ አማና የተሰጠው አካል ያን ዕለት ምን ሠራ?

ይህን መጠየቅ አመጽ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 30 ደግሞ በሰላም የመሰለፍና አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል።

በሞጣም ሆነ በቢቸና እንዲህ ያለ በደል ሲደርስብን ሦስት ነገር እናድርግ፦

አንደኛ፣ ፖሊስ መቼ እንደተጠራ፣ መቼ እንደደረሰና ምን እንዳደረገ ወዲያውኑ በጽሑፍ እንያዝ።

ሁለተኛ፣ ያየ እንጂ የሰማ ሰው ምስክር አይሁን፤ በወሬ የተጻፈ አቤቱታ እውነተኛውንም በደል ያስጥላል።

ሦስተኛ፣ አቤቱታውን ለወረዳው ብቻ ሳይሆን ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና ለእንባ ጠባቂ ተቋም ጭምር እናስገባ፤ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን እናስቀምጥ።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም አብረውን ይፈርሙ። ዛሬ መስጂድን ያልጠበቀ ፖሊስ ነገ ቤተ ክርስቲያንን ለመጠበቁ ዋስትና የለም።