የሕፃናት ክብደት በማን መስመር ይለካ?

በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት ወይም በየቡ በሚገኝ ጤና ጣቢያ አንድ ሕፃን ተመዝኖ የሚገኘው ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም። 6.5 ኪሎ ግራም ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? መልሱ የሚታወቀው ቁጥሩ በዕድገት መከታተያ ካርዱ ላይ ነጥብ ሆኖ ሲያርፍ ነው። ታዲያ በካርዱ ላይ የተሰመሩት መስመሮች ከየትኞቹ ልጆች የተገኙ ናቸው?

ዓለም ለረጅም ጊዜ ሲገለገልበት የቆየው ማመሳከሪያ እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የተዘጋጀው ነበር። ለጨቅላዎቹ ክፍል መነሻ የሆኑት በኦሃዮ ግዛት ያደጉ፣ በአብዛኛው ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናት ነበሩ። ይህን ለመተካት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 8500 ያህል ሕፃናትን አስጠና። የተመረጡት ጡት የሚጠቡ፣ እናቶቻቸው የማያጨሱና በቂ እንክብካቤ የሚያገኙ ነበሩ። አዲሱ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። በጥናቱ ከታየው የቁመት ልዩነት ውስጥ በአገሮቹ መካከል ያለው 3 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በየአገሩ ባሉት ግለሰቦች መካከል ያለው ግን 70 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ የጅማን ልጆች በጅማ ልጆች አማካይ ብንለካ አይሻልምን? ሐሳቡ ለአገር ወዳድ ጆሮ ይጥማል፤ እኛ ግን አንቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት እጅግ ያጠሩ ነበሩ። ከእንዲህ ዓይነት ሕዝብ የተወሰደ አማካይ ረሀብን «ደንበኛ» ብሎ ያጸድቃል። መቀጨጩም ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል፤ ከልጁ ላይ ግን አይጠፋም።

ይሁን እንጂ ከጅማ መለካት የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ክብደቱ ከምን እንደ ተሠራ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በጅማ የተወለዱ ሕፃናትን የስብ መጠን በአየር ለክተዋል። ከልደት እስከ 6 ወር ያለው ማመሳከሪያ መረጃም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል።

መሣሪያው ለፊዚክስ ተማሪ ደስ የሚል ነው። ሁለት ክፍሎችን በሚንቀጠቀጥ ስስ ግድግዳ ይለያል። ግድግዳው ወደ አንዱ ሲገፋ ከሌላው ይሸሻል፤ ስለዚህ በሁለቱም የሚፈጠረው የይዘት ለውጥ እኩል ነው። የግፊቱ ለውጥ ግን አየሩ አነስተኛ በሆነበት ክፍል ይበረታል። ሕፃኑ ሲገባ የሚቀረው አየር ስለሚቀንስ፣ ከግፊቶቹ ንጽጽር የሰውነቱ ይዘት ይሰላል። ንዝረቱ ፈጣን በመሆኑ አየሩ ሙቀት ለመለዋወጥ ጊዜ የለውም፤ በመሆኑም የቦይል ሕግ ሳይሆን የፑዋሶን ሕግ ይሠራል። በሳንባና በቆዳ አጠገብ ያለው አየር ግን ሙቀቱ ስለማይለወጥ 40 በመቶ ያህል አብልጦ ይታመቃል፤ ይህ ካልታረመ ውጤቱ ይሳሳታል። ሕፃኑ ውስጥ የሚቆየው 2 ደቂቃ ያህል ነው፤ ቢያለቅስም ቢንፈራገጥም መለካት ይቻላል።

ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ እናስላ። እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሕፃናት አሉ እንበል፤ የአንዱ ስብ 200፣ የሌላው 350 ግራም ነው። የስብ እፍግታ በሊትር 0.9 ኪሎ ግራም፣ የቀረው የሰውነት ክፍል ደግሞ 1.06 ያህል ነው። የይዘታቸው ልዩነት ታዲያ 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ሲኒ እንኳ አይሞላም። ሚዛን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ነገር ግን በጅማው ክትትል ሲወለዱ ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው የበለጠ ሕፃናት በኋላ በቋንቋ ዕድገት የተሻሉ ሆነው ታይተዋል፤ ከስቡ ጋር ግን ይህ ዝምድና አልታየም።

በገጠር ጤና ጣቢያ ይህ መሣሪያ ስለማይኖር ሥራው በተንጠልጣይ ሚዛንና በካርዱ ላይ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ከክብደቱ ይልቅ ዕድሜው ያስቸግራል። እናት «ቡና ሲለቀም ነው የተወለደው» ካለች፣ ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚዘልቅ ሁለት ወር ያህል ስሕተት ሊገባ ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የ6 ወር ወንድ ልጅ የታችኛው ወሰን 6.4፣ የ7 ወር ደግሞ 6.7 ኪሎ ግራም ነው። ያ ባለ 6.5 ኪሎ ሕፃን 6 ወሩ ከሆነ ከመስመሩ በላይ፣ 7 ወሩ ከሆነ ከመስመሩ በታች ነው። የተወለደበት ቀን በካርዱ ላይ በዕለቱ ከተጻፈለት ግን መገመት አያስፈልግም።