ትዕቢት ረሃብን ይሸሽጋል



ትዕቢት የሚለው ቃል «ትልቅ ሆነ» ከሚለው «ዐብየ» ከተባለ የግዕዝ ቃል የወጣ ነው። ትሕትና ደግሞ «ታሕት»፣ ማለትም ታች ከሚለው ነው። እንግዲህ ነገሩ አንገትን በመድፋት ወይም በለሰለሰ አነጋገር የሚለካ አይደለም፤ ሰው ራሱን የሚያቆምበት ስፍራ ነው። ራሱን ከላይ ያቆመ ከሥሩ ያለውን አያይም፤ ቢያይም እንዲታይበት አይወድም።

ወሎ ይህን በሕይወት ዋጋ ተምራለች። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ ዓመት ልደት በድምቀት ተከበረ። በተከታዩ ዓመት ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ ባለ ሥልጣኖች የአገር ስም ይጎድፋል ብለው ነገሩን ሸሸጉት። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን በፊልም ለዓለም አሳየ። ይኸው ፊልም ከድግስ ሥዕሎች ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ንጉሡን የወቀሰው ደርግስ? ልክ በ10ኛው ዓመት፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱን በዓል በብዙ ወጪ ሲያከብር በኮረም ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደጋንን አልፎ በሚደረስባት በባቲም ረሃብተኛው ሜዳውን ሞላው። ድርቁን ትዕቢት አላመጣውም። እርዳታው እንዲዘገይ ያደረገው ግን፣ «ሕዝባችን ተርቧል» ማለትን እንደ ውርደት መቁጠር ነው።

ዳንኤል ለናቡከደነፆር ለድሆች እንዲራራ መክሮት ነበር። ከ12 ወር በኋላ ግን ንጉሡ በቤተ መንግሥቱ ሲመላለስ በአፉ የተገኘው የሠራት ከተማ ውዳሴ ነው (ዳን. 4)።

ይህ ፈተና የነገሥታት ብቻ አይደለም፤ በእርዳታ ሥራም ይገባል። በጎለበተ ምንጭ ላይ የለጋሹ ስም በትልቁ ሲጻፍ፣ እናቲቱ ሳትጠየቅ የከሳ ልጇ ፎቶግራፍ ሲነሣ ይታያል። ከሁሉ የሚከፋው በሪፖርት ውስጥ ያለው ነው። የታደለው ኩንታል ተቆጥሮ፣ እህል ሳይደርሳቸው የተመለሱት ሳይቆጠሩ ሲቀሩ፣ ያ የቀድሞው መሸሸግ በትንሹ ተደገመ ማለት ነው።

ትሕትና ራስን መናቅ የሚመስላቸው አሉ። ጌታችን ግን አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው እያወቀ ነው ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው (ዮሐ. 13)። ማንነቱን ስላወቀ ዝቅ ማለት አላስፈራውም። አገልጋይም እንዲሁ በክርስቶስ መወደዱን ካወቀ፣ ያልተሳካ ሥራውን መግለጥ አያዋርደውም።

አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት እንደ ደጋን ባለ ስፍራ ደግሞ እኛ እንግዶች ነን። የተቸገረውን ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው ቅሬው ነው፤ ማን እንደ ታመመ፣ የማን በሬ እንደ ሞተ፣ በማን ቤት እሳት እንዳልነደደ ያውቃል። (ለነገሩ፣ ቀብር ላይ ሀብታምና ድሃ እኩል አካፋ የሚይዙበት ቅሬ ስለ ትሕትና ከብዙ ስብከት የበለጠ ያስተምራል።) ስለዚህ የተረጂዎች መዝገብ በቢሮ ተዘግቶ የሚጻፍ አይሁን። በሽማግሌዎችና በእናቶች ፊት ይነበብ፤ እነርሱም ይረሙት። ሠራተኛው ሲታረም ይቆጣ ይሆናል፤ ይሁንና እርማቱ ይጻፍ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ በሚቀጥለው ሪፖርታችሁ ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን ቁጥር ከተረዱት ቁጥር አጠገብ አስፍሩ። ምእመናንም እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲደርሳችሁ በጉባኤ ፊት ሳትቀንሱ አንብቡት።