መጀመሪያ ሶኬቱን

«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፤ ቶሎ ድረስልን» ተብሎ ሲደወልልኝ ቀድሜ የምጠይቀው መብራት ሄዶ መጥቶ እንደሆነ ነው። ከአበርገሌ የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ፣ ማታ ሄዶ ጠዋት መጣ» የሚል ነው። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ወዲያው 220 ቮልት ላይ አይረጋም፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ተሰክቶ ያደረ ማሽን ያንን ሁሉ ይቀምሳል። ስለዚህ ገና ከሰቆጣ ሳልነሳ ማሽኑን እንዲነቅሉትና በዚያው ሶኬት የሞባይል ቻርጀር ሰክተው እንዲሞክሩ እነግራቸዋለሁ። ቻርጀሩም ካልሠራ የታመመው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ሶኬቱ ወይም ማከፋፈያው ነው፤ እኔም እስከ አበርገሌዋ ኒሯቅ አልወርድም።

ቻርጀሩ ከሠራ ግን ወደ ማሽኑ ጀርባ እሄዳለሁ። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ማሽን 115 ላይ እንደተተወ በእኛ መብራት ከተሰካ ጓ! ይልና አበቃ። እዚያ ደህና ከሆነ ገመዱን ነቅዬ፣ የመክፈቻውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኜ እይዛለሁ። ውስጡ የቀረው ኃይል ሲራገፍ ያለ ምንም መፍቻ የሚነሳ አለ።

ከዚህ በኋላ ወሳኙ ጥያቄ ፋኑ ይዞራል ወይስ አይዞርም ነው። ጭራሽ ካልዞረ ፓወር ሰፕላዩን እጠረጥራለሁ። ትልቁን መሰኪያ ከማዘርቦርዱ ነቅዬ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኛለሁ፤ የራሱ ፋን ከተነሳ ቢያንስ ነፍስ አለው። ጤነኛ መሆኑን የሚነግረኝ ግን ቴስተሩ ነው፤ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5 ቮልት ማሳየት አለበት። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን መክፈት ለማያውቅ ሰው አልመክርም፤ ከተነቀለ በኋላም የሚመታ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ ደግሞ ወደ ራሙ ነው። ባለፈው በአንድ መሥሪያ ቤት ያጋጠመኝ ይኸው ነበር። የመዝገብ ቤቷ እናት «የሴፍቲኔቱ ስም ዝርዝር ያለው እዚህ ብቻ ነው፤ ፎርማት አድርገውና ይነሳልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «እትዬ፣ ፎርማት ካደረግነውማ የሚጠፋው እሱው ዝርዝሩ ነው» አልኳቸው። ሁሉም ሰው ፎርማትን እንደ ፀበል ያየዋል፤ ስክሪኑ ላይ ምንም ለማያሳይ ማሽን ግን አንዳች አይፈይድም። ኬዙን ስከፍተው አቧራው ፋኑ ላይ እንደ ሱፍ ተጋግሯል። ራሙን አውጥቼ ወርቃማ ጥርሱን ከልጃቸው ደብተር መሀል በተገኘ ላጲስ ፈገፈግሁት፤ ጥቁር ነገር ላጲሱ ላይ ቀረ። መልሼ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ጫንኩት። ተነሳ። ባይነሳም ኖሮ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ መሰካት ይቻል ነበር፤ ዝርዝሩ ያለው እዚያ ነው። እትዬ ግን ፍላሽ እስኪገዙ ድረስ እንቅልፍ እንዳይተኙ አሳስቤያቸው ነው የወጣሁት።

የአበርገሌ ቆላ ራሱ ሌላ ጠላት ነው። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ የቆሙት ትንንሽ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ሰቆጣ ላይ ከኒሯቅ የበለጠ ቢቆይ አይግረማችሁ። አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካንጠባጠቡ ሌላ ምርመራ አያሻም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ብዙ ማሽኖች ላይ ፈሳሹ ገና ከፋብሪካው ብልሹ ነበርና ከእነሱ ዘመን የተረፈ ማሽን ካያችሁ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ።

አንዳንዱ ደግሞ ይነሳል፣ ግን ጤና የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስታልቅ ሰዓቱም ቀኑም ወደ ኋላ ይመለሳል። ባለቤቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ በእኛ አቆጣጠር ዓመቱን ያስተካክለዋል፤ ከዚያ ኢንተርኔቱ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አንድም ገጽ አልከፍት ይለዋል። ማሽኑ ዓመቱን በፈረንጅ ዘመን ሲቆጥረው የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት ገና አልተጀመረማ! ባትሪዋ 2032 የምትባለው ናት፤ የእጅ ሰዓት ከሚጠግኑት ዘንድ ትገኛለች።

የሚያበሳጨኝ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ነው። ሰቆጣ ላይ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ኒሯቅ ላይ መኪና መጠበቅ ነው። ጦርነት ባለፈበት ወረዳ አሮጌ ኮምፒውተር እንደ ዋዛ የሚጣል ዕቃ አይደለም። ሆኖም ማዘርቦርዱ የሞተ ማሽን ደህና ፓወር ሰፕላይና ራም እንደያዘ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ በሚቀጥለው ቢሮ ያለው ማዘርቦርዱ ጤነኛ ነው፣ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ያጣ። ንብረት ክፍሉን ስጠይቅ «በሞዴል 19 የገባው ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ ግማሹን በምን ላስወጣልህ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔም ከእሱ የምፈልገው አንድ ፊርማ ነው፦ ከማይሠራው ተነቅሎ የሚሠራው ላይ የተገጠመው ክፍል ከነመለያ ቁጥሩ ተጽፎ፣ ሞዴል 22 ተቆርጦለት ይውጣ።